ጣሳው ሳይወርድ

እኔ የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ። ይህን የምናገረው አንገቴን ደፍቼ አይደለም። ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ፣ ወደ ሸማኔዎቹ ሰፈር በሚያስወጣው ቀጭን መንገድ ላይ እናቴ ደሳለች ሃያ ዓመት ጠላ ጠምቃለች። እኔን አጸደንና ታላቅ ወንድሜን አለማየሁን ያሳደገችን በጌሾና በብቅል ነው።

ቤታችን ስም አልነበረውም። የጠላ ቤት ስም አያስፈልገውም። ደጃፉ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳው ካለ ጠላ ደርሷል፣ ግባ ማለት ነው። ከወረደ ደግሞ አልደረሰም ወይም አልቋል፣ መንገድህን ቀጥል ማለት ነው። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል።

በእኛ ሰፈር ግን ጣሳው ሌላም ቋንቋ ነበረው።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ቤታችን ገብተው፣ አለማየሁን ከተቀመጠበት መደብ ላይ በፀጉሩ ጎትተው ለውትድርና አፈሱት። እናቴ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። የጓዱ አዛዥ ግዛቸው በሰደፍ አፏን መታት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ እዚያው መሬቱ ላይ ረገፉ። አልበቃውም፤ ጋኖቹን አንድ በአንድ ሰባበራቸው። ጠላውና የእናቴ ደም ተቀላቅለው በደጃፉ ወረዱ። አለማየሁ እንደወጣ ቀረ፤ አንዲት ደብዳቤ እንኳ አልደረሰችንም።

ከዚያ ወዲያ እናቴ የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ ጠርታ በጆሯቸው ነገረቻቸው። የጠላው ሽታ መንገዱን ሞልቶት ጣሳው ከወረደ፣ «አፈሳ አለ፣ ሽሹ» ማለት ነው። ለባዕድ አይነገርም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኛ ቤት አንድም ልጅ አልታፈሰም።

መጋቢት 1982 ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጠጥ ቤትና ምግብ ቤት ያለውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበን። ትናንት «ጥገኛ» ይለን የነበረ ሰው፣ ዛሬ ብርጭቆ ውሃውን ጎንጨት እያለ «የአገልግሎቱ ዘርፍ አጋሮች» አለን። ፈቃድ በየስማችን ይሰጠናል። ገብሱን ከኅብረት ሱቅ እናገኛለን። ከእንግዲህ የማንም ጋን አይሰበርም። ከእኛ የሚጠበቀው የተለሰነ ግድግዳ፣ ንጹሕ መቀመጫና «ቋሚ ምልክት» ነው። ግዛቸው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ያጨበጭብ ነበር።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ‹ቁርበት አንጥፉልኝ› አለ ይባላል። እነዚህ ጥርሴን ያወለቁበት ሰፈር መጥተው ነው አንጥፉልን የሚሉት።»

«እንግዲያው ፈቃዱ ይቅርብን?»

«ማን ይቅርብን አለ? ገብሱ ይምጣ እንጂ!»

ታፔላ ጻፊው የመጣው ለዚያ «ቋሚ ምልክት» ነው። ኢታና ይባላል። መሰላሉን በአንድ ትከሻው፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን በሌላ እጁ ይዞ፣ ቀጭን ረጅም ሆኖ ደጃፋችን ላይ ቆመ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ደሳለች ጠላ ቤት።»

መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሲጽፍ ከታች ሆኜ አየሁት። ፊደሉን የሚጽፈው እስትንፋሱን ይዞ ነው። አንዱን ፊደል ሲጨርስ ይተነፍሳል፤ ሌላውን ሊጀምር እንደገና ይይዛል። እኔም ሳላውቀው አብሬው ትንፋሼን መያዝ ጀመርኩ። ሲወርድ አንድ ጣሳ ጠላ አቀረብኩለት።

«ይቅርታ፣ እኔ አልጠጣም።»

«ሰው ቤት መጥቶ እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ እናትህ አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች። ጠላ እንዳልጠጣም ነግራኛለች።»

«እንዴ! ጴንጤ ነህ?»

ምላሴን በነከስኩት! ያኔ ይህ ጥያቄ ሰው የሚያሳስር ጥያቄ ነበር። እሱ ግን ዙሪያውንም ሳያይ «ነኝ» አለኝ፤ ዓይኖቼን እያየ። አፈርኩ። ጣሳውን መልሼ ውሃ ይዤለት መጣሁ።

«ጠላ የሚጠላ ሰው የጠላ ቤት ታፔላ ሲጽፍ ዛሬ አየሁ» አልኩት ነገሩን ለማስረሳት።

«ጠላውን ጠላሁ እንጂ ቀጂዋን ጠላሁ አላልኩም።»

ይህን ብሎ ራሱ ደነገጠ። ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና መሰላሉን ረስቶ ሄደ።

በማግስቱ መሰላሉን ሊወስድ መጣ። ከዚያም ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ሊያይ መጣ። የዘይት ቀለም በሁለት ቀን ይደርቃል፤ ኢታና ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመጣ አየው። ውሃውን ይዞ ከመደቡ ጥግ ይቀመጣል፤ እኔ እቀዳለሁ፤ እሱ ያየኛል። ቀና ስል ታፔላውን የሚያይ ይመስላል። እናቴ አንድ ቀን «ያ ልጅ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ጕድጓዳችንን ሊያደርቀው ነው» አለች። ሳቅሁ። አለማየሁ ከተወሰደ ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባቱ መጡ። ወንጌላዊ ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ያኔ አስረው ውስጥ እግራቸውን ስለገረፏቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ደፋችንን አልተሻገሩም።

«ልጄ፣ አንቺን ልሰድብ አልመጣሁም» አሉኝ። «ያለኝ አንድ ልጅ ነው። አፈሳ የሚጀምረው ከመጠጥ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እባክሽን ከዚህ ደጃፍ አርቂልኝ።»

«እኛ ቤት አይታፈስም፣ አባባ።»

«እንዴት ብሎ?»

መልስ ነበረኝ። ከራሳቸው በላይ እንጨቱ ጫፍ ላይ ተደፍቶ ነበር። ግን ለባዕድ አይነገርምና ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን ድፍረት አድርገው ቆጠሩት መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው እያነከሱ ወረዱ።

ለኢታና ምንም አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ከአባቱ ሰምቶ ኖሮ በሦስተኛው ቀን በዝናብ ርሶ መጣ። «እለምነዋለሁ» አለኝ። «ከባድ ሰው ነው፣ ግን ልቡ ሩኅሩኅ ነው።»

«እምቢ ካሉስ?»

«እሺ እስኪል እለምነዋለሁ። አንቺን ትቼ የት ልሄድ?»

እጄን ያዘኝ። ቀለም የሸተተ፣ ሻካራ እጅ ነበር። እንዳይለቀኝ ስል አጥብቄ ያዝኩት። 

በሳምንቱ እናቴና እኔ ጌሾ ልንገዛ ገበያ ውለን ስንመለስ፣ የደጃፋችን እንጨት ተለውጧል። ያ የጎበጠው፣ በአንድ እጅ የሚነሳው እንጨት የለም። በእሱ ፈንታ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ በሲሚንቶ ተተክሏል። ጣሳው አረንጓዴ ተቀብቶ ጫፉ ላይ በሽቦ ታስሯል። ኢታና አጠገቡ ቆሞ እጁን በሱሪው ይጠርጋል። መዳፉ በቁፋሮ ተልጧል።

«‹ቋሚ ምልክት› አይደል የሚሉት?» አለ። «ታፔላው ለቀበሌ፣ ጣሳው ለሰው። ከእንግዲህ ነፋስም አይጥለው።»

ይህን ስህተት ጠላ ቤት ያደገ ሰው አይሠራውም። የጠላ ቤት እንጨት የሚያዘነብለው ባለቤቱ ሰንፎ አይደለም፤ ጣሳው ሲወርድና ሲወጣ አብሮ ስለሚነሳና ስለሚቆም ነው። ይህን እሱ ከየት ይወቀው?

እናቴ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። ፊቷ አመድ ለብሷል። «ንቀለው በይው። አሁኑኑ!»

«እማዬ፣ እጁን አላየሽውም? ዛሬ እንዴት አድርጌ...? ነገ እነግረዋለሁ።»

«ነገ?»

«ፈቃድ ሰጥተውን የለ? ገብስ ሰጥተውን የለ? አሁን ማን ያፍሳል?»

ፍቅር ሲይዝ ሰው መንግሥትንም ያምናል። ነገ አልኩ፤ ነገው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። ቤታችን ሞልቶ ይውል ነበር። ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። እናቴም እየቆየች ዝም አለች። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የማንም አይደለም።

በሰኔ አንድ ሐሙስ ኢታና ሲሰናበተኝ «ቅዳሜ በስምንት ሰዓት የአባቴን መልስ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ተኩል ግዛቸው መጣ። የመጣው በጓሮ በር ነው። አራት ታጣቂዎች ተከትለውት ጓዳ ገቡ።

«እትዬ ደሳለች፣ ጠላሽን ቅጂ» አለ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ። «የሚገባው ይግባ። መውጣቱን ለእኛ ተዪው።»

«ፈቃድ አለን» አለች እናቴ። በጣቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው መስታወት አመለከተች።

«ፈቃድማ እኛው ሰጠናችሁ! ሰው እንዲሰበሰብላችሁ አይደል መንግሥት የደገፋችሁ? ድምፅ ከወጣ አንቺን ነው የምመታው።» የክላሹን አፈሙዝ እናቴ ጎን ላይ አስደገፈ።

መጀመሪያ ሁለት ወጣት ሸማኔዎች ገቡ። ገና ሳይቀመጡ ሰደፉ አረፈባቸው። አንደኛው ወደ በሩ ሊሮጥ ሲል ጉልበቱን መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። አፉን በራሱ ነጠላ ጠቅጥቀው ጓዳ ጎተቱት። ሦስተኛው ከፋብሪካ የሚመለስ ጎልማሳ ነበር። የልጆቹን ስም እየጠራ ለመናቸው። ጆሮ ግንዱን መቱት፤ ደሙ አዲስ የተለሰነው ግድግዳችን ላይ ተረጨ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ባልዲ አነሳሁ። «አተላ ልድፋ» አልኩ። ግዛቸው በዓይኑ ወደ እናቴ አመለከተኝ። አፌን ብከፍት ምን እንደሚሆን ገብቶኛል።

ወጥቼ እንጨቱን ተጠመጠምኩበት። ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አይልም። ጣሳው ከፍ ብሏል፣ ብዘልም አልደርስበትም። እንጨቱን ልወጣው ስፍጨረጨር ቅርፊቱ መዳፌንና ክንዴን ላጠው። ከመንገዱ በታች ኳስ ሲጫወቱ የዋሉ የሰፈሩ ልጆች እየተሳሳቁ ብቅ አሉ። አሥር ይሆናሉ፤ ሁሉም እናቴ በጆሯቸው የነገረቻቸው ናቸው። ቀና ብለው ጣሳውን አዩት። ካለ፣ ሰላም ነው። ፈጠን ፈጠን ብለው መምጣት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከላይ በኩል ኢታና መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከሩቅ ፈገግ ይልልኛል። ክንዴ መድማቱን ሲያይ ሮጠ።

«አጸደ! ምን ሆንሽ?»

«ቀስ በል፣ አትጩህ። ጣሳው ካልወረደ ልጆቹ አለቁ። ሲወርድ ‹ሽሹ› ማለት ነው። አፋሾቹ ውስጥ ናቸው።»

በሩን አየ፤ ልጆቹን አየ፤ ከዚያ እኔን። ፊቱ ላይ ደም የሚባል አልቀረም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ደረቱን ገፋሁት። «ሂድ! ቢያንስ አንተ ሽሽ!»

«የተከልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የቱ ጋ እንደሚላቀቅም አውቃለሁ።»

በትከሻው ከሥር ገፋው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሲሚንቶው ተሰነጠቀና እንጨቱ ወደ መንገዱ ወደቀ። ጣሳው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ሰፈሩን ሞላው። ልጆቹ ቆሙ። አንዱ አፏጨ። በዓይን ጥቅሻ ውስጥ በየአጥሩ ዘለው ጠፉ። ተኩስ ተከተላቸው፤ ጥይቱ ግድግዳ በላ እንጂ ሰው አልነካም።

ኢታና ለመሸሽ አንድ እርምጃ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ግዛቸው ወጥቶ በሰደፍ ግንባሩን ተረተረው። ነጩ ሸሚዝ በአንድ አፍታ ቀላ። ሲወድቅ ቀኝ እጁን መሬት ላይ አስዘርግተው በቡትስ ረገጡት፤ ደጋግመው። ጣቶቹ ሲንቋቁ ሰማሁ። የግዛቸውን ክንድ ነከስኩት፤ ደሙ አፌ እስኪገባ አልለቀቅሁትም። ሆዴን በርግጫ ሲሉኝ ተዘረርኩ።

ከመታጠፊያው ጀርባ ደብቀው ወዳቆሙት መኪና ሲጎትቱት ዞረ። «አጸደ፣ አባቴ...» አለ። ሰደፉ አፉን ዘጋው። መኪናው እሱንም ሌሎቹንም ጭኖ ሄደ።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ በስምንት ሰዓት፣ አባቱ መጡ። ይገድሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምርኩዛቸውን አስቀድመው ደፋችንን ተሻገሩና ኢታና ይቀመጥበት የነበረው የመደቡ ጥግ ላይ ተቀመጡ። እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጣሳውን ቋንቋ፣ ነገ እያልኩ ያሳለፍኩትን፣ ሁሉን። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«እሺ ብዬው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን እሺ ብዬው ነው የመጣው።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እሳቸውም አለቀሱ። እናቴ የሚጠጣ ውሃ አቀረበችላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ጠላ ቤት ውስጥ ውሃ ይዘው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ይውላሉ። በዚያ ክረምት የቀበሌ ቤታቸውን ነጠቋቸውና አንድ የእምነት ወንድማቸው ዘንድ ተጠጉ፤ የሚጠብቁት ግን እኛ ዘንድ ነው። «ልጄ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የተጨረመተውን ጣሳ ጓዳ አስቀምጬ፣ ኢታና ሳይመለስ እንጨት ላይ አይወጣም ብዬ ማልኩ። እናቴ ለሚያውቋት ብቻ በጓሮ በኩል ትቀዳለች። ታፔላውን ገንጥዬ ጣልኩት።

ግንቦት 1983 ላይ መንግሥት ወደቀ። ግዛቸው ክላሹን ጥሎ ጠፋ። የተበተነው ወታደር በባዶ እግሩ፣ ቍስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዳቦ እየለመነ በከተማው ፈሰሰ። ወታደር የነበረ ሁሉ ይያዛል ተብሎ ስለተወራ ብዙዎቹ በየጥሻው ይደበቁ ነበር። በየቀኑ ዋናው መንገድ ዳር ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። የእሱ አልነበረም።

በሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማዶው ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ሾዴ ገቡ።

«አጸደ፣ አንድ ጉዳይ አለ» አሉኝ። «ጢሙ ያደገ አንድ ወታደር ሦስት ቀኑ ነው፣ አጥሬ ሥር ቆሞ ያንቺን በር ያያል። ያይ ያይና ተመልሶ ይሄዳል። ዛሬ ጠላ አምሮት መስሎኝ ‹ግባ እንጂ፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው› ብለው፣ ‹ጣሳው ወርዷል› አለኝ። እንዴ! ታዲያ ቢወርድስ?»

እጄ ላይ የነበረው ማንቆርቆሪያ ወደቀ።

እኔ ነኝ የነገርኩት። ሲወርድ «ሽሹ» ማለት ነው ብዬ፣ ደሜን እያፈሰስኩ፣ በገዛ አፌ። እሱን ብዬ ያወረድኩት ጣሳ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጄ ሲመልሰው ከርሟል!

ጓዳ ሮጥኩ። ጣሳውን አገኘሁ፣ እንጨት የለም። ዙሪያዬን ሳይ፣ ሳለቅስ፣ የኢታና አባት ከመደቡ ተነስተው ምርኩዛቸውን ዘረጉልኝ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡና ጣሳውን ከእጄ ወሰዱት። ምርኩዙ ጫፍ ላይ ደፉት። ያለ ምርኩዝ ሁለት እርምጃ የማይራመዱ ሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ ያልነኩ ወንጌላዊ!

ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጣሳው ምርኩዙ ላይ ተንኳኳ። «ልርዳዎት፣ አባባ» አልኩ። «ተይኝ» አሉኝ።

ከጋሽ ሾዴ አጥር ጀርባ አንድ ሰው ብቅ አለ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ፤ ቀኝ እጁ ተጣሞ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። ጣሳውን አየው፤ ከዚያ የያዘውን ሰው አየ። መንገዱን እየሮጠ ሳይሆን ቀስ እያለ ተሻገረ። አባቱ ፊት ሲደርስ ተንበርክኮ እግራቸውን አቀፈ፤ ምርኩዙም ጣሳውም ወደቁና ሦስታችንም መሬት ላይ ተቃቀፍን።

ብዙ ቆይቶ ቀና አለና በግራ እጁ ፊቴን ዳሰሰኝ።

«ደርሷል?» አለኝ።

«ደርሷል» አልኩት። «ግባ።»

«ውሃ ስጪኝ።»

እናቴ ከውስጥ ሆና እንስራውን ስታነሳ ሰማኋት።